ሰው አንዴ ብቻ የሚጠየቅበት አገር

«እማ፣ ርቦኝ ሳለ ‹ጠግቤያለሁ› ካልኩ እግዜር እንደ ውሸት ይቆጥርብኛል?»

ይህን የጠየቀችኝ ልጄ ማስተዋል ናት፤ የፊት ጥርሶቿ በወለቁበት ዘመን፣ ከጎረቤት ወጥተን ወደ ቤታችን ስንሄድ። ምክንያቱን ካልነገርኳችሁ ልጅቱን ፈላስፋ ታደርጓታላችሁ። ጎረቤታችን ወጥ አውጥተው «ነይ ብይ እንጂ ልጄ» ቢሏት፣ እሷ «እሺ» ብላ እጇን ልትታጠብ ብድግ አለች። አንዴ ተጠይቃ። እኔስ እናት አይደለሁ? በነጠላዬ ከለል አድርጌ ክንዷን ቆንጠጥ አደረግኳት። ወዲያው ገባትና «ጠግቤያለሁ» አለች። ለመኗት፤ «ኧረ አሁን በላሁ» አለች። «በሞቴ» አሏት። ዞር ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ፣ በቅንድቤ ፈቀድኩላት፣ ቁጭ ብላ የሁለት ሰው ድርሻ በላች።

ለጥያቄዋ ምን እንደመለስኩላት ትጠብቁ ይሆናል። «እግርሽን እያየሽ ሂጂ፣ እንቅፋት እንዳይመታሽ» ነው ያልኳት። እናት መልስ ሲጠፋት መንገዱ ሁልጊዜ ድንጋይ ይበዛበታል።

ነገሩ ግን ሲከነክነኝ ሰነበተ። የንስሐ አባታችን ቤት ሊባርኩ በመጡ ጊዜ፣ ጠላ ቀድቼ አቀረብኩና ጥያቄውን የራሴ አስመስዬ አነሳሁት። አባ መጀመሪያ ጠላውን «አይ ልጄ፣ አሁን ጠጥቼ ነው የመጣሁት» አሉ። ለመንኳቸው፤ «ኧረ በፍጹም» አሉ። ሦስተኛ ስለምናቸው ተቀበሉኝና በአንድ ትንፋሽ ጨለጡት። ከዚያ ጢማቸውን ጠረግ ጠረግ አድርገው «እሱ ውሸት አይባልም፤ ትሕትና ነው» አሉኝ። መልሼ ሞላሁላቸው። «አይ፣ በቃኝ» አሉ። ይህም ትሕትና ነበር።

እንግዲህ እኛ ዘንድ «አይ» ማለት ገርበብ ያለ በር ነው፤ ገፋ ማድረግ ነው። የመጀመሪያው «አይ» ሰላምታ ነው። ሁለተኛው አስተዳደግ ነው። ሰው ሆዱን የሚያማክረው በሦስተኛው ላይ ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉ የለ? ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም እንዳላወቀ ይሆናል፣ ምግቡ ትንሽ ይቀዘቅዛል፣ ፍቅሩ ግን ይሞቃል። ገንዳ ውሃ መናኸሪያ ሄዳችሁ የጎንደሩ አውቶቡስ በር ላይ ቁሙ። ሁለት ሽማግሌዎች «ይቅደሙ» «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» ሲባባሉ፣ ከኋላቸው ያለው ሰው ሁሉ ዶሮውንና ጆንያውን ታቅፎ በፀሐይ ሲቀቀል ታያላችሁ። መጨረሻ ላይ ረዳቱ ሁለቱንም በአንድ ላይ ገፍቶ ያስገባቸዋል። ገብተው ከተቀመጡ በኋላ ደግሞ ስለ መስኮቱ ወንበር ይጀምራሉ።

እኛ ቆላ የምንኖር ሰዎች ከየትም የተጠራቀምን ነን። ጎጃሜው አለ፣ ወሎዬው አለ፣ ደገኛው ጎንደሬ አለ፣ ከወዲያ ማዶ ከሱዳን ሲነግድ ኖሮ የተመለሰም አለ። የልመናችን ዓይነት ይለያያል። አንዱ በሞቴ ይላል፣ አንዱ በአላህ ይላል፣ አንዱ ዝም ብሎ አፍህ ውስጥ ይከታል። አንዴ ጠይቆ የሚተው ግን በዚህ አገር አልተወለደም። ተወልዶም ከሆነ ጎረቤት አላፈራም።

ታዲያ ይህችን ልጅ ነው ለግማሽ ዓመት እስፔን የላክናት።

ማስተዋል ዩኒቨርስቲ ገብታ የእርሻ ትምህርት ነው የምታጠናው። ያባቷ ልጅ ናት፤ አባቷ አስማረ ኮኪት አጠገብ ባለ የባለሀብት እርሻ ላይ ትራክተር ይነዳል፤ ሰሊጥ ከመሬት ብቅ ካለ እስኪታጨድ ድረስ ባሌ ሳይሆን የሰሊጡ ባል ነው። ከትምህርት ቤቷ ተመርጣ፣ ኮርዶባ በምትባል ደቡብ እስፔን ባለች ከተማ አንድ መንፈቅ ተምረሽ ትመለሻለሽ ሲሏት፣ እኔ እልል አልኩ፤ ከዚያ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ፤ ከዚያ ወጥቼ በሶ መፍጨት ጀመርኩ። የእናት ሥራ ቅደም ተከተሉ እንዲያ ነው።

ስንሸኛት ምክር አልነፈግኳትም። «ማተብሽን አትፍቺ፤ ረቡዕና ዓርብን አትርሺ፤ ሰው ቤት ነው የምትቀመጪው፣ አደራሽን፣ ሲሰጡሽ አትስገብገቢ» አልኳት። የመጨረሻዋን ደጋግሜ ነው የነገርኳት። አሁን ሳስበው፣ መርዙን ከስንቋ ጋር አብሬ የቋጠርኩት እኔው ነኝ።

መጀመሪያ ሰሞን ወሬው ሁሉ ደስ ይል ነበር። የሚያስቀምጧት ሴትዮ ሴኞራ ፒላር ይባላሉ፤ ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጃቸው ትዳር ይዞ የወጣላቸው፣ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ ደግ ሴት ናቸው አለችኝ። ሙቀቱ የኮኪትን ያህል ነው፤ «እማ፣ ብርድ ልብሱን ለምን አሸከምሽኝ? ፈረንጅ አገር የሄድኩም አልመሰለኝ» አለችኝ። ራት የሚበሉት እኛ ሁለተኛውን እንቅልፍ በምንይዝበት ሰዓት ነው። ወይራ እንደኛ ሰሊጥ ጋራውን ሁሉ ሞልቶታል። እኔም ለሰማኝ ሁሉ ይህንኑ ሳወራ ሰነበትኩ።

በምስል የምንነጋገረው ከዘሃራ ሱቅ ነው። የእኔ ስልክ ባለቁልፍ ናት፤ ድምፅ እንጂ ፊት አታመጣም። ዘሃራ ጎረቤቴ ናት፣ ነጋዴ ናት፣ ሱዳንም ኖራለች፤ እኔን «ኡም ማስተዋል» ነው የምትለኝ፣ እንደ ሱዳኖች በልጄ ስም። በሱቋ ከስኳሩ ጆንያ ኋላ ኔትዎርክ ደህና አድርጎ የሚይዝበት አንድ ቦታ አለ፤ እዚያ ጆንያው ላይ ተቀምጬ ነው እስፔንን የማየው።

ጥቅምት ላይ የልጄ ጉንጭ ጠፋ።

«ማስቴ፣ ፊትሽ ምን ሆነ?»

«ካሜራው ነው እማ።»

«ካሜራው አንገትሽንም በላው?»

«ደህና ነኝ አልኩሽ እኮ። አንቺስ ደህና ነሽ?»

እኔም ደህና ነኝ አልኩ። ሁለት ፍየል ሞቶብኝ ነበር፤ ግን ለሩቅ ሰው ክፉ አይነገርም። እንዲህ ሁለታችንም ደህና እንደሆንን ለረጅም ጊዜ ተያየን። ኋላ ዘሃራ ደንበኛ ልታስተናግድ ፈቀቅ ስትል ልጄ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እማ፣ እዚህ አገር ሰው አንዴ ብቻ ነው የሚጠይቀው» አለችኝ።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ።

ከጉዞ የደረሰች ዕለት ሴኞራ ፒላር «ርቦሻል?» ብለው ጠየቋት። «አይ፣ ደህና ነኝ» አለች። «እሺ፣ ደህና እደሪ» ብለው የማድቤቱን መብራት አጠፉ። ልጄ በጨለማው ውስጥ ቆማ ሁለተኛውን ልመና ስትጠብቅ ቆየች። በማግስቱም እንዲያው። ምሳ ይቀርባል፤ የተቀመጠላትን ትበላለች፣ ያውም እንደ ጨዋ ልጅ ግማሹን ትታ። «ይጨመር?» ይሏታል። «አይ፣ አመሰግናለሁ።» ሳህኑ ይሄዳል።

«አንዴ ሲጠይቁሽ እሺ በያ ታዲያ» አልኳት።

«ሞከርኩ እኮ። አፌ ይቀድመኛል። እኔ የምደርሰው ሳህኑ ከሄደ በኋላ ነው።»

«በሶውስ?»

«አለቀ። አሁን ዳቦ እየገዛሁ ክፍሌን ዘግቼ እንደ ሌባ እበላለሁ። ትናንት ፍርፋሪውን ስጠርግ ደረሱብኝ።»

«ምን አሉ?»

«ምንም። የተሻለ መጥረጊያ ሰጡኝ።»

እኔ ልስቅ ነበር፤ እሷ ግን ዓይኗ እንባ አቀረረ። «አይወዱኝም እማ። ቢወዱኝ ኖሮ ይለምኑኝ ነበር። ቀኑን እየቆጠሩልኝ ነው የሚመስለኝ። ትቼው ልምጣ መሰለኝ።»

እስቲ እናንተ ምን ትሏታላችሁ? እኔ መጀመሪያ ያሰብኩትን ልንገራችሁ። አንድ ቀጭን ሐሳብ በጆሮዬ «ተያት ትንሽ ይራባት፤ ረሃብ ቤት ያደርሳል» አለኝ። አማተብኩና አባረርኩት። ልጄ እንድትመጣልኝማ ከሄደችበት ቀን ጀምሮ ስመኝ ነው የኖርኩት። ግን «አልወደዱኝም» የሚል ቁስል ይዛ እንድትመጣ አልፈልግም፤ ያ ቁስል ትምህርት አያሽረውም፣ ባል አያሽረውም። «ለሴትዮዋ ለምን አትነግሪያቸውም?» ብላት ደግሞ ልጄ እንደ ሕፃንነቷ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። «ምን ብዬ? ‹ይለምኑኝ› ብዬ ልለምናቸው?»

እውነቷን ነው። ይህ ራስ የሚናገሩት ነገር አይደለም። እናት ናት የምትናገረው።

እናት ግን እስፓንኛ አታውቅም። ስምንተኛ ክፍል ድረስ የተማርኳት እንግሊዝኛም ከሴኞራ ፒላር ጋር አታገናኘንም፤ እሳቸውም እኔም አናውቃትም። ጭንቀቴን ያየችው ዘሃራ «እኔ ምን ልሠራ ነው የተፈጠርኩት?» አለች። ልጄን ስታነጋግር ሴኞራዋ ከጀርባ ሲያወሩ ጆሮዋን ጥላ ቆይታለች። ስኳርን አዙካር ሲሉ፣ ዘይትን አሴይቴ ሲሉ ሰምታለች። «ዓረብኛ ነው እኮ፣ ተበላሽቶባቸው ነው እንጂ። አንቺ ዝም በይ፣ እኔ አስተረጉማለሁ።»

ልጄ ለክፉ ቀን ብላ የሰጠችን የሴትዮዋ ቁጥር ነበረ። ማስተዋል ትምህርት ቤት በምትሆንበት ሰዓት ደወልን። ሴኞራ ፒላር ሁለት ሻሽ የለበሱ ሴቶች ስልካቸው ላይ ሲያዩ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ማስተዋል?» አሉ። የመጣንባቸው መርዶ ይዘን መሰላቸው። እኛም ሳቅን፣ እጅ ነሳን፣ ደግመን እጅ ነሳን፣ እሳቸውም ግራ ሲገባቸው እጅ ነሱ። ዘሃራ ጉሮሮዋን ጠረገችና በዓረብኛ ረጅም ንግግር አደረገች። ሴኞራዋ በእስፓንኛ ረጅም መልስ ሰጡ።

«ምን አሉ?» አልኳት።

ዘሃራ ትንሽ አሰበች። «ስኳርም ዘይትም በቤቱ ሞልቷል ነው የሚሉት።»

ያን ጊዜ የምላስ ነገር እንደማያዋጣ ገባኝ። «ዘሃራዬ፣ ተይው። እናሳያቸው» አልኳት። የዘሃራ ቁርስ፣ ፉል ከነዳቦው፣ ጆንያው ላይ ተቀምጧል። እሷ ሴኞራ ፒላር ልትሆን፣ እኔ ማስተዋል ልሆን ተስማማን። ስልኩን በብስኩት ካርቶን ደገፍነው።

መጀመሪያ የእሳቸውን አገር እናሳይ አልን። ዘሃራ ፉሉን ዘረጋችልኝ። እኔ እጄን አወዛውዤ «አይ» አልኩ። አሁን እንግዲህ ሳህኑን ይዛ መሄድ ነው ያለባት። አልሄደችም።

«ውሰጂው» አልኳት በሹክሹክታ።

«እንዴት አድርጌ?»

«ዞረሽ ሂጂ እንጂ።»

ዘሃራ ሳህኑን እንደያዘች ቆመች። አንድ እርምጃ ልትሄድ ሞከረች፤ ተመለሰችና «ወላሂ አልችልም። እጄ እምቢ አለኝ። ትንሽ እንኳ ቅመሺ» አለችኝ። ይህችን ሴት ሱዳን ደርሳ ስትመለስ በረሃ አላስጨነቃትም፤ ከአንድ «አይ» በኋላ ሳህን ማንሳት ግን አንበረከካት።

የአጨዳ ሰሞን ነውና ሱቁ ማጭድና የላስቲክ ጫማ ሊገዙ በመጡ የቀን ሠራተኞች ተሞልቷል። ገበያቸውን ትተው ከበቡን። አንድ ጎጃሜ ጎልማሳ ነገሩን ሲረዳ «ስጪኝማ፣ እኔ ልውሰደው» አለና ሳህኑን ከዘሃራ ተቀብሎ ፊቱን አዙሮ ሦስት እርምጃ ሄደ። ሄዶም ቆመ። «ምን አይነት ግፍ ነው» አለ፤ «ርኅራኄ እንደሌለው አውሬ።» እኔም በዚህ በኩል ሆዴን ይዤ፣ አንገቴን ሰብሬ፣ እንባዬን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩ። ለማስመሰል ነበር የጀመርኩት፤ ልጄ በጨለማው ማድቤት ውስጥ ስትቆም ታየችኝና እንባው እውነተኛ ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ የእኛን አገር አሳየን። ዘሃራ አሁን በቤቷ ሆነች። ዘረጋችልኝ፤ «አይ» አልኩ። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «በሞቴ» አለችኝ፤ «ኧረ በፍጹም» አልኩ። ሦስተኛ ላይ ስትደርስ አንድ ወሎዬ ወጣት ከኋላ «በሦስተኛ አይበላም፤ በኛ አገር ገና ነው፣ አብሽሪ፣ ለምኚያት» አለ። ጎጃሜው «ሦስት ይበቃል፣ ሴትዮዋን በረሃብ ልትፈጇት ነው?» አለው። እነሱ ሲከራከሩ እኔ ቁርስ አልበላሁም ነበርና ፉሉን ተቀብዬ መብላት ጀመርኩ። ዳቦውን በፉሉ እየጠቀስኩ ቀና ስል፣ ሴኞራ ፒላር መነጽራቸውን አድርገው፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ያዩኛል። ሳቃቸው ነው ለቅሷቸው ነው አልለየሁም። ከዚያ ቀስ ብለው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉና «ቤሞቴ?» አሉ።

ሱቁ በሙሉ «አዎ» አለ።

የዚያኑ ዕለት ማታ ልጄ በባለቁልፏ ስልኬ ደወለች። «እማ፣ ሴትዮዋን ምን አደረጋችኋቸው?»

«ምን ሆኑ?»

«ድንቹን በእንቁላል አቀረቡ፤ በላሁ፤ ‹ይጨመር?› አሉኝ፤ ‹አይ› አልኩ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቤሞቴ አሉኝ። እማ፣ ቤሞቴ አሉኝ እኮ።»

«እና ምን አደረግሽ?»

«በላሁ። አልቅሼ በላሁ። እሳቸውም አለቀሱ። ‹ያልራበሽ መስሎኝ ነው፣ ማስጨነቅ ነውር ነው ብዬ ነው› አሉኝ። ለካ እሳቸውም በእሳቸው አገር ጨዋ ሆነው ነው።»

እንዲህ ነው እንግዲህ፤ ሁለት ጨዋ ሰው በአንድ ቤት ቢገናኝ አንዱ በረሃብ ያልቃል።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም እኔም ዝም እል ነበር። ግን ያስተማርነውን ትምህርት ሴኞራ ፒላር ከልባቸው ያዙት። ልጃቸው ውፍረት ቀንስ ተብሎ በሐኪም የተመከረ ሰው ነው፤ እሑድ እሑድ ሊጠይቃቸው ሲመጣ ቤሞቴ ይሉታል። ደብዳቤ የሚያመጣውን ሰው ደረጃው ላይ አቁመው ቤሞቴ ይሉታል። ከታች ያለችው ጎረቤታቸው አሁን በር መክፈት ትታለች አሉ። ይባስ ብሎ የነቢያት ጾም ገባ። ልጄ ሥጋ ሲቀርብላት «አይ» ትላለች፤ የምሯን ነው፤ ጾመኛ ናት። ሴኞራዋ ግን ተምረዋል፤ የሐበሻ «አይ» በር እንጂ ግድግዳ አይደለም። ሦስቴም፣ አራቴም፣ እንደ ወሎዬው ከዚያም በላይ ይለምናሉ። «እማ፣ ትናንት አይብ ሹካ ላይ ሰክተው እስከ ክፍሌ በር ተከተሉኝ» አለችኝ። ማተብሽን ያዥና አሳያቸው፤ ማተብ ተይዞ የተባለ «አይ» የመጨረሻ ነው በያቸው አልኳት። ያዘላት። ከዚያ ወዲህ ሴኞራዋ ራሳቸው ከጠገቡ አንገታቸው ላይ ያለውን የመነጽር ገመድ ይዘው ያሳዩዋታል አሉ።

የልጄ ጉንጭ ተመለሰ። ሳቋም ተመለሰ። እኔም በየቅዳሴው አመሰግን ነበር። ምስጋናው ዕዳ ይዞብኝ እንደሚመጣ ግን አልገባኝም፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው ሴት ዘመዴ ሳትሆን አትቀርም።

ታኅሣሥ ላይ፣ ልትመለስ ጥቂት ሲቀራት፣ አመሻሽ ላይ ደወለች። አስማረም አጨዳውና ውቂያው አልቆለት ቤት ነበረ፤ እግሩን ዘርግቶ ራዲዮ ያዳምጣል።

«እማ፣ መምህሮቼ ሌላ መንፈቅ ጨምሪ አሉኝ። ሴኞራም ክፍሉ ያንቺው ነው ብለውኛል። እዚያ መመረቂያዬ ትንሽ ይዘገያል እንጂ ችግር የለውም። ምን ትያለሽ? ልቆይ ወይስ ልምጣ?»

ምን እንደምል ታውቃላችሁ። እናንተም ብትሆኑ የምትሉት ያንኑ ነው።

«ለእኔ አታስቢ። ቆዪ። እኔ ምን እሆናለሁ?»

እንግዲህ ተራው የእሷ ነበር። «እንዴ እማ፣ የምርሽን ነው?» ትለኛለች፤ እኔ «አዎ፣ የምሬን ነው» እላለሁ፤ እሷ «ኧረ በሞቴ እውነቱን ንገሪኝ» ትለኛለች፤ እኔ ትንሽ ዝም እላለሁ፤ በዝምታዬ ትረዳለች። ሥርዓቱ ይኸው ነው። ጆሮዬን ስልኩ ላይ አጥብቄ ጠበቅኩ።

«እሺ እማ» አለችኝ። «እንዲያ ከሆነ እቆያለሁ። ደህና እደሪ።»

ስልኩ ተዘጋ። ሳህኑ ሄደ።

እኔ ስልኩን እንደያዝኩ ቀረሁ። አስማረ ራዲዮውን ቀነስ አድርጎ «ምን አለች?» አለኝ።

«ትቆያለች።»

«ማን ቆዪ አላት?»

«እኔ።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

«አንዴ ብቻ ጠየቀችኝ።»

አስማረ «እናንተ ሴቶች፣ ትራክተር እንኳ ቁልፉን አንዴ ስታዞረው ይነሳል» አለ። ይህን የሚለው ሰው፣ አማቱ ቤት በሄደ ቁጥር «በልቼ ነው የመጣሁት» ብሎ ሁለት እንጀራ የሚጨርስ ነው። ጸሎቴን አደረስኩ፤ «ፈቃድህ ይሁን» አልኩ። ብዙ ጊዜ ነው ያልኩት፤ ግን እሱ የልብ ያውቃልና ሳይታዘበኝ አልቀረም።

በማግስቱ ማለዳ ሻሼን ጠምጥሜ ዘሃራ ሱቅ ሄድኩ። ገና የመጀመሪያውን መዝጊያ እያነሳች ነው። ፊቴን አይታ አልጠየቀችኝም፤ ጆንያውን ጠረግ ጠረግ አድርጋ «ተቀመጪ» አለችኝና ደወለች። ልጄ በመጀመሪያው ጥሪ አነሳችው። እዚያ ገና ሰማዩ አልጠራም፤ እሷ ግን ፀጉሯን አበጥራ ማድቤት ተቀምጣለች። ዓይኗ አብጧል። ከጀርባዋ ሴኞራ ፒላር በሌሊት ልብሳቸው ቆመዋል።

«ማስቴ፣ ትናንት ያልኩሽ ውሸት ነው።»

«የቱ?»

«ቆዪ ያልኩሽ።»

ልጄ አንገቷን ደፋች። ሴኞራ ፒላር ምን እንደተባለ ሳይነገራቸው ሁለት እጃቸውን አጨበጨቡ።

«አሸነፉኝ» አለች ማስተዋል፣ እየሳቀችም እየጠረገችም። «ትናንት ስልኩን ዘግቼ አልቅሼ ነገርኳቸው። እኔ ልምጣ ልልሽ ነበር እማ፤ አንቺ ቆዪ ስትይኝ የማትፈልጊኝ መሰለኝ። እሳቸው ‹እናትሽ እስከ ነገ ምሳ ትደውላለች› አሉኝ። እኔ ‹እናቴን አያውቋትም፤ ትሞታታለች እንጂ አትናገራትም› አልኳቸው። ተወራረድን፤ የሳምንቱን ሳህን የማጥበው እኔ ነኝ።»

ምን እላለሁ? በዘሃራ ሱቅ ጠዋት ስኳር ሊገዙ የመጡ ሰዎች ቆመው ይሰሙኛል። ስለ እኔ ብላ ልጄ በሰው አገር ማልቀሷ አሳዘነኝ፤ ደስም አለኝ፤ ሁለቱ እንዴት በአንድ ሆድ እንደሚገቡ አምላክ ነው የሚያውቀው።

«በይ አሁን ንገሪኝ» አለች። «ልምጣ?»

በሕይወቴ አንዴ ተጠይቄ «አዎ» ያልኩት ነገር የለም፤ አስማረ ሽማግሌ ሲልክ እንኳ አባቴን ሁለቴ አመላልሻለሁ። ጆንያውን በአንድ እጄ ጭምድድ አድርጌ ያዝኩና አፌን ቀደምኩት።

«ነይ» አልኩ።

ልጄ ሳቀች። ሴኞራዋ አለቀሱ። ስኳር ገዢው ሁሉ «ተመስገን» አለ። እዚያ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት? ግን አፍ ልማዱን አይተው፤ «ካልተመቸሽ ግን እዚያው ቅሪ ልጄ፣ እኔ እንደሆነ ምንም…» ማለት ስጀምር ዘሃራ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ፣ «ኸላስ፣ በቃ፣ ነይ ብላሻለች» አለችና ዘጋችው።